«ተገቢውን ትኩረት ይሰጣሉ» የሚል ሕግ ለተማሪ ምን ይሠራለታል?

የሒሳብ መምህር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው። ስለ ተማሪዎች የአእምሮ ጤና ሕግ ሊወጣ ነው ተብሎ ረቂቁ ለአስተያየት ደርሶናል፣ የመምህራን ኮሚቴያችን በሳምንት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ሦስቴ አነበብኩት። ዋናው አንቀጽ «ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች የአእምሮ ጤና ተገቢውን ትኩረት ይሰጣሉ» ይላል። በቃ። ማን ነው የሚሰጠው? መቼ? በምን ገንዘብ?

አምና ከጎበዝ ተማሪዎቼ አንዷ ድንገት ዝም አለች። እጇን ማውጣት ተወች፣ ከዚያ መቅረት ጀመረች፣ እኔ ደግሞ የሠራሁት ነገር ቢኖር የቀረችበትን ቀን መቁጠር ነው። በኋላ ሳናግራት አለቀሰች። ወዴት እንደምልካት እንኳ አላውቅም ነበር።

እና ንገሩኝ፣ ምን ቢጻፍ ነው ይሄ ሕግ እንደሷ ላለች ልጅ የሚደርሰው? ወይስ ሕግ ለዚህ ነገር አይሆንም?

ካውንስለሯ

መምህር፣ «ተገቢውን ትኩረት» ማለት ማንም የማይጠየቅበት ማለት ነው። ቁጥር ጠይቁ።

ፊንላንዶች የተማሪ ደኅንነት ሕጋቸው ውስጥ ቁጥሩን ራሱን አስገብተውታል። አንድ ሶሻል ወርከር ቢበዛ ለ670 ተማሪ፣ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ቢበዛ ለ780። ለኔ ግን ከዚህ የሚበልጠው ቀነ ገደቡ ነው። ተማሪው ላናግራችሁ ካለ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ባለሙያ ማግኘት አለበት፣ አስቸኳይ ከሆነ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ። እንዲህ ሲሆን በስምንተኛው ቀን «ሕጉ ተጥሷል» ማለት ይቻላል። የአሜሪካ የትምህርት ቤት ካውንስለሮች (የተማሪ አማካሪዎች) ማኅበር አንድ ካውንስለር ለ250 ተማሪ ይላል፣ ግን ምክር ነው እንጂ ሕግ አይደለም፣ ብዙ ቦታም አይደረስበትም።

ሌላው፣ ካውንስለር ምን ምን እንደማይሠራ ይጻፍ። አልቀለድኩም። እኔ ፈተና እፈትናለሁ፣ የቀረ መምህር ክፍል እሸፍናለሁ፣ ሪፖርት እጽፋለሁ። ልጅ በሬን ሲያንኳኳ እኔ ሌላ ክፍል ቆሜ ጸጥታ አስከብራለሁ። ወረቀት ላይ ግን ትምህርት ቤቱ «ካውንስለር አለው»።

የሁለት ልጆች አባት

እኔ ልቃወም መሰለኝ። አሁን አሁን የትም ቦታ የአእምሮ ጤና ችግር ያለባቸውን ልጆች በመጠይቅ እንለይ የሚል ነገር መጥቷል። የአሜሪካዋ ኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2025 ከ3ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በየዓመቱ እንዲጠየቁ ሕግ አወጣች፣ ወላጅ ካልፈለገ ልጁን ማስቀረት ይችላል። እሺ፣ ልጄ ወረቀቱን ሞላ፣ «ችግር አለበት» ተባለ። ከዚያስ? ሐኪም ከሌለ፣ ወረፋው ወራት ከሆነ፣ ልጄን ስም ለጥፋችሁበት ወደ ቤት መለሳችሁት ማለት ነው።

ደግሞ ያዘነ ልጅ ሁሉ ታማሚ አይደለም። ከጓደኛው የተጣላ ልጅ የሚያስፈልገው ጓደኛው ነው።

ካውንስለሯ

የመጨረሻው ላይ እስማማለሁ። መጠይቁንም ቢሆን መጀመሪያ ሐኪሙ ይኑር ካልከኝ አልከራከርህም። ግን በሽታውና ሐዘኑ በዓይን አይለዩም፣ ለዚያ ነው የሚያውቅ ሰው እዚያው ግቢ ይኑር የምንለው።

12ኛ ክፍል

ተማሪ ነኝ፣ ስለኛ እያወራችሁ ስለሆነ ልግባ።

በአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2019 በጭንቀት ወይም በድባቴ መቅረት እንደ ጉንፋን በፈቃድ የሚቆጠርበት ሕግ ወጥቷል። የሚገርመው የጎተጎቱት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። ለኛ ግን «ሆዴን አመመኝ» ብሎ መዋሸት ይቀራል ማለት ነው፣ እኔ በዚህ ዓመት ስንቴ ሆዴን እንዳመመኝ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ።

ትልቁ ጉዳይ ግን ምስጢር ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያሉ ይመክሩናል። አንድ ጓደኛዬ አምኖ ለአስተማሪ ተናገረ፣ በሳምንቱ የመምህራን ክፍል በሙሉ አወቀው። ከዚያ በኋላ ከኛ ክፍል ማን ይናገራል? የነገርኩት ነገር እኔ ሳላውቅ ለሌላ እንዳይወራ ሕጉ ይከልክል፣ ያወራውም ይጠየቅ። ይሄ ከሌለ 100 ካውንስለር ብትቀጥሩ ማንም አይገባላቸውም።

ሕግ የተማረ

ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ ለመምህራን ሥልጠና አስገቡ፣ ሰዓቱን ጠቅሳችሁ። የአሜሪካዋ ቴነሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2007 መምህራን በየዓመቱ 2 ሰዓት ራስን ማጥፋትን ስለመከላከል እንዲሠለጥኑ አስገድዳለች። ጠያቂው «ወዴት እንደምልካት አላውቅም ነበር» ያለው በ2 ሰዓት ይፈታል፣ ቢያንስ ያ ክፍሉ።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ በፕሮጀክት ከሆነ አትመኑት። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ለትምህርት ቤት የአእምሮ ጤና 1 ቢሊዮን ዶላር መደበ። በ2025 አዲሱ የትራምፕ አስተዳደር ወደ 1 ቢሊዮን የሚጠጋ ድጎማ አቋርጣለሁ አለ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ገባ። በዚያ ገንዘብ የተቀጠረ ካውንስለር ሥራው ይቀጥል አይቀጥል ሳያውቅ ነው ልጆቹን የሚያናግረው። ደመወዙ እንደ መምህር ደመወዝ መደበኛ በጀት ውስጥ ይግባ።

የሒሳብ መምህር (ጠያቂ)

አመሰግናለሁ፣ በተለይ 12ኛ ክፍልን። እስካሁን የጻፍነው ይሄ ነው፦ የተማሪና የባለሙያ ቁጥር፣ የቀን ገደብ፣ ካውንስለር ፈተና አይፈትንም፣ መደበኛ በጀት። የአባትየውን ሐሳብም አስገብቻለሁ፣ ሕክምና ሳይኖር ልየታ አይጀመርም ብለን። ምስጢሩ ላይ ግን ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ወላጅ ሁሉን ማወቅ አለበት ይላል። ካውንስለሯ፣ መስመሩን የት ነው የምታሰምሪው?

ካውንስለሯ

ልጁ ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ይችላል ካልኩ፣ ወይም እሱን የሚጎዳ ሰው ካለ፣ ዝም አልልም። ጎጂው ቤት ውስጥ ከሆነ የምናገረው ለወላጅ ሳይሆን ሕፃናትን ለሚጠብቅ አካል ነው። ይህንን ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ልጁ አንዲት ቃል ሳይናገር እነግረዋለሁ። ከዚያ ውጪ ያለውን ወላጅ እንዲያውቅ ካስፈለገ ከልጁ ጋር ሆነን ነው የምንነግረው። ይቺን እንዳለች ገልብጣችሁ ልታስገቧት ትችላላችሁ።