ምድር ቤት ላይ ላሚኔት ከማንጠፌ በፊት ምክራችሁን

ጤና ይስጥልኝ። ሙያው ያላችሁ እባካችሁ እርዱኝ፤ ግራ ገብቶኛል።

ኮተቤ ያለው የእናቴ ቤት ምድር ቤት ነው፤ ወለሉ የሲሚንቶ ሊሾ። እማዬ እግሯን ብርድ እየያዛት ስለተቸገረች ለመኝታ ክፍሏ ባለ 8 ሚሊ ላሚኔት (እንጨት መሰል የወለል ንጣፍ) ገዛሁላት።

መጀመሪያ ያስቆመኝ በጓሮ በኩል ያለው ጥግ ነው። ክረምት ላይ ሊሾው ይጠቁራል፤ ከግድግዳው ሥር ዱቄት የመሰለ ነጭ ጨው ይወጣል። እርጥበቱን ለመፈተሽ ከሦስት ቀን በፊት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ፕላስቲክ ዘርግቼ ዙሪያውን በፕላስተር አሸግኩት። ዛሬ ስገልጠው ከሥሩ ላብ አቁሯል፤ ጣቴን ሳስነካው ረጠበ። መሃል ክፍሉ ላይ ያደረግኩት ግን ደረቅ ነው።

ሌላው፣ በሩ አጠገብ ወለሉ ዘበጥ ብሏል። ሁለት ሜትር ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ቱቦ ሳጋድምበት ከሥሩ 7 ሚሊ ክፍተት አለ። የላሚኔቱ ካርቶን ላይ ግን ከ3 ሚሊ አይብለጥ ይላል።

የጠየቅኩት አናጢ «ከላሚኔቱ ሥር የሚነጠፈውን ፎም ደርበህ አንጥፍ፣ ይሞላል» አለኝ። አልተዋጠልኝም። ፎም ሲረገጥ ይሟሽሻል፤ ያኔ የላሚኔቱ መጋጠሚያ ይሰበራል።

እርጥበቱን ከፎሙ ሥር 0.2 ሚሊ ፕላስቲክ ማንጠፍ ይበቃዋል? ወይስ መጀመሪያ ከውጭ የጣሪያው ውሃ የሚወርድበትን ላስተካክል? ውሃው እዚያው ግድግዳው ሥር ነው የሚተኛው። የዘበጠውንስ በሲሚንቶና በአሸዋ ብሞላው፣ በዚህ ቅጥነት ሊሾው ላይ ይይዛል ወይስ ይፈነቀላል? ከሞላሁት በኋላ ስንት ቀን ልጠብቅ?

ክረምቱ ሳይገባ ልጨርስላት እፈልጋለሁ።