ክርክር፦ «አስተዳደጉ ነው» ተብሎ ይታለፍ?

አወያይ
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ደሴ አንድ ሰፈር ሽምግልና ነበር። ባል ሚስቱን ደጋግሞ መትቷል። ሰውየው በ77ቱ ድርቅ ኮረም መጠለያ እናቱን ያጣ፣ ከዚያም ዘመድ ቤት በዱላ ያደገ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ምን ይደረግ፣ አስተዳደጉ ነው፤ ቻይው» አሏት። ሌላው ደግሞ «የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ልጅነቱን እያነሳ እስከ መቼ?» ብለው ተቆጡ። ስም አናነሳም። ጥያቄው ግን የሁላችንም ነው። ልጅነቱ የተበላሸ ሰው ሲያጠፋ ጥፋቱ ይቀልለታል? ስድብ ያመጣ ይወጣል።

የሐይቁ
አይቀልም። እኔም የ77 ልጅ ነኝ። አባቴን በመልክ አላውቀውም። አክስቴ ናት ሐይቅ ወስዳ ያሳደገችኝ። እስከ ዛሬ ሚስቴ ላይ እጄን አላነሳሁም። ወሎ ውስጥ በዚያ ዘመን ያልተራበ ማን ነበር? ሁሉም በረሃቡ ካመካኘ አገሩ በሙሉ ደብዳቢ በሆነ ነበር።

ነርሷ ከኮምቦልቻ
ጋሼ፣ ያመጡት ምሳሌ እኮ ልጅነት ሰውን ይቀርጻል ለምንለው ነው የሚያደላው። እርስዎ አክስት ነበረችዎት። እሱን የጠበቀው ዱላ ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ኤሚ ቨርነር የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበረች። ሃዋይ ውስጥ ካዋይ በምትባል ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን እስከ ጉልምስና ተከታተለች። ድህነት፣ ጠብና ሕመም በተደራረበበት ቤት ካደጉት ውስጥ ሲሶ ያህሉ ደህና ሰው ሆኑ። ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዱ ግን ከወላጅም ይሁን ከሌላ፣ የሚያስጠጋቸው አንድ አዋቂ ማግኘታቸው ነው። አያት፣ አክስት፣ መምህር። «እኔም ተርቤ ነበር፣ ግን ሰው ሆንኩ» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ማን እንዳቀፈው ነው የምጠይቀው።

የሐይቁ
እና አክስት የሌለው ይማታ?

ነርሷ ከኮምቦልቻ
አይማታ። እሱንም ልጨርስልዎት። ከእነዚያው ልጆች በጉርምስናቸው የተበላሹ ነበሩ። ብዙዎቹ ሠላሳና አርባ ዓመት ውስጥ ሲገቡ ተቃንተዋል። ትምህርት ገብተው፣ ደህና ትዳር ይዘው፣ እምነታቸው ውስጥ ተጠግተው። ስለዚህ «ልጅነቱ አበላሽቶታል፣ በቃ ያለቀለት ነው» የሚለውም አያስኬድም።

ሸዋ በር
አቦ አሁንስ ሁሉም ነገር ትራውማ፣ የልጅነት ቁስል ሆነ። እኔን ሰው ያደረገኝ የአባቴ ልምጭ ነው። ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል።

መምህሩ ከባቲ
ወንድሜ፣ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ቾክ ላነሳ እጄን ዘርጋ ሳደርግ ፊቱን በክንዱ ይሸፍናል። ልምጩ ምን እንዳስተማረው እሱን ጠይቀው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ ልጅን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ አድርጎታል። ይህን የሚያውቅ ወላጅ ግን ብዙ አላየሁም። «ሥጋው የእርስዎ፣ አጥንቱ የእኔ» እያለ ነው የሚያስረክበን።

ጠበቃ ከወልድያ
ሕጉ የሚለውን ላንሳ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ላለው የራሱ ሥርዓት አለ። አዋቂ ግን የሚሠራውን የሚያውቅና ራሱን መግዛት የሚችል ከሆነ ይጠየቃል። ያለፈ ሕይወቱና የግል ሁኔታው የሚታየው ቅጣቱ ሲለካ ነው። ጥፋተኛ ነው ከተባለ በኋላ ማለት ነው። ሚስት መደብደብ ደግሞ በዚሁ ሕግ ወንጀል ነው። «ቻይው» የሚል ቅጣት የትም አላነበብኩም።

አባባ ከወረኢሉ
ልጄ፣ ሽምግልና ፍርድ ቤት አይደለም። ቄሱም ሼሁም አብረን የምንቀመጠው ሰው ለማስታረቅ ነው። የሰውየውን ልጅነት የምናነሳው ነፃ ልንለቀው ብለን አይደለም። «አንተ ጨካኝ» ብለህ ብትጀምረው ይደነድናል። የእናቱን ነገር ስታነሳለት ግን አንገቱን ይደፋል፣ ያለቅሳል። ያለቀሰ ሰው ይመከራል። ስንት ዓመት ያየሁት ነው። «ቻይው» ያሉት ሰውዬ ግን አበላሽተዋል፤ እሱን አልደግፍም።

እናት ከሆጤ
አባባ፣ ድፍረት አይሁንብኝ። የሚያለቅሰው እናንተ ፊት ነው። ማታ በር ሲዘጋ እንባው የለም። እኔ በዚያ በር ውስጥ ኖሬያለሁ። ሦስቴ ታረቅን። ሦስቱንም ጊዜ ስለ እሱ እናት ተወራ፣ ቡና ተፈላ፣ ተመረቀ፣ ተበተነ። እኔን ለብቻዬ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያለኝ አልነበረም።

ደግሞ ልጆቹን ማን ቆጠራቸው? የእሱ ልጅነት አርባ ዓመት አልፎታል። የልጆቹ ግን አሁን ነው እየሄደ ያለው፤ መጋረጃ ጀርባ ተደብቀው። ነገ የእነሱም ሚስቶች «አስተዳደጉ ነው» ሊባሉ ነው?

የሐይቁ
አፍሽ ይባረክ እህቴ። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ነርሷ ከኮምቦልቻ
ያልከው እንኳ ይህን አይደለም ጋሼ (ሳቅ)። የእሷን ነገር ግን ቁጥርም ይደግፈዋል። አሜሪካ ሳንዲያጎ ላይ የተሠራ ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1998 ታትሟል። ልጅነቱ ውስጥ እናቱ ስትመታ ያየ፣ የተመታ፣ ሰካራም ቤት ያደገ ሰው፣ መከራው በተደራረበ ቁጥር ካደገ በኋላ የመጠጥ፣ የድብርትና የልብ ሕመም ዕድሉ ይጨምራል። እናቱ ስትመታ ማየት ራሱ ተቆጥሯል። ከአጥኚዎቹ አንዱ ሮበርት አንዳ ግን በኋላ፣ ይህ የመከራ ቆጠራ አንድን ሰው ለይቶ ለመፈረጅ አይሁን ብሎ አስጠንቅቋል። ብዙ ሰው ላይ የሚታይ ዝንባሌ ነው፤ የእገሌ ዕጣ አይደለም።

በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ጠረጴዛ ሥር የተደበቁት ሕፃናት አሁን ተማሪዎች ናቸው። ማታ የሚባንኑ አሉ። ዛሬ ካልያዝናቸው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይህንኑ ክርክር ስለ እነሱ እንከፍታለን።

ሸዋ በር
እሱስ ልክ ነው። የእህቴ ልጅ ርችት ሲሰማ አልጋ ሥር ነው።

አባባ ከወረኢሉ
እሺ፣ ሰማሁ። እኔ ሐሙስ ሌላ ጉዳይ ላይ እቀመጣለሁ፤ የዚሁ ዓይነት ነው። ምን አድርጉ ትሉናላችሁ? ወሬ ሳይሆን የሚሠራ ነገር ንገሩኝ።

እናት ከሆጤ
መጀመሪያ እሷን ለብቻዋ ጠይቋት፤ ዘመዶቹ በሌሉበት። ልጅነቱን አንሱለት፣ ያልቅስ፣ እሱን አልከለክልም። ግን ከለቅሶው በኋላ ዋስ ይጥራ። ከቅሬው (ከእድሩ) አንድ ሰው ይመደብና ሐኪም ጋ ይውሰደው። በየሳምንቱም ቤቱን አንኳኩቶ ልጆቹን የሚያይ ሰው ይኑር። ደግሞ ከመታ እርቁ ይፍረስ፣ ጉዳዩ ፖሊስ ጋ ይሂድ።

አባባ ከወረኢሉ
ፖሊሱ ላይ ገና እንከራከራለን። ሌላውን ተቀብያለሁ።

እናት ከሆጤ
እንከራከራለን። ዋሱ ግን እርስዎ ይሁኑ።