ጥቆማ፦ ለተማሪዎች አስፈሪ ፊልም ትሬለር ካሜራ ኪራይና ኤዲቲንግ የት ይሻላል?

ማታ ተማሪ፦
ሰላም ወገኖች። አዲስ አበባ ፊልም እየተማርኩ ነው። ለአንድ ኮርስ የአስፈሪ ፊልም ትሬለር በቡድን እንድንሠራ ታዘናል፤ ከ90 ሰከንድ ማለፍ የለበትም። ሙሉ ፊልም አይጠበቅብንም፣ የሚታረመው ትሬለሩ ብቻ ነው። ታሪኩ አያቷ ካረፉ በኋላ ቤቱን ልትዘጋጋ የተመለሰች ልጅ ናት። ሌሊት ሌሊት ከጓዳ የቡና ሙቀጫ ድምፅ ትሰማለች፤ ሙቀጫው ግን ከቤቱ ከወጣ ቆይቷል።
ያለን አንድ የሳምሰንግ ኤ ስልክ፣ 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕና የተዋስነው ትራይፖድ ነው። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ለአንድ ሌሊት ካሜራ የሚያከራይ፣ ተማሪን የማያንገላታ ቤት የቱ ነው? ከቪዲዮ ማቀናበሪያዎቹ ከካፕካትና ከዳቪንቺ ሪዞልቭ ለኛ ላፕቶፕ የቱ ይሆናል? በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

የሃያ ሁለቱ ልጅ፦
ዝም ብለሽ ካሜራ የሚያከራዩት ጋሼ ጋ ሂጂ። ፒያሳ ነበሩ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ አራት ኪሎ ወጥተዋል። የሠርጉም የክሊፑም ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ካኖን 80ዲ ከ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር ያወጡልሻል፣ ባትሪውንም ራሳቸው ሞልተው ነው የሚሰጡሽ። ሌላ ቤት መሄድ ብር ማባከን ነው።

ሰባራ ሌንስ፦
ኪራይ ከማሰብሽ በፊት የኛን ስሚ። ባለፈው ዓመት ለአጭር ፊልም ከአንድ ቤት የሶኒ ካሜራ ከነሌንሱ ወሰድን። ዋስ አቀረብን፣ መታወቂያ ሰጠን፣ ማስያዣ ከፈልን። ስንመልስ ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ አገላብጦ አይቶ "አሪፍ ነው" አለን፤ ማስያዣው ግን "ባለቤቱ ሲመጣ" ተባለ። ባለቤቱ ሲመጣ ሌንሱ ላይ ጭረት ተገኘ። ጭረቱ ከኛ በፊት የነበረ ነው። ገና በመጀመሪያው ሾት አምፖሉ ፊት ለፊት ሲመጣ ብርሃኑ እዚያው ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። ፉቴጁን ይዘን ሄደን አሳየናቸው፤ ማየት አልፈለጉም። ገንዘቡ የቡድናችን መዋጮ ነበር፣ አንዷ ልጅ ከቤት ኪራይዋ ቀንሳ ያመጣችው ነው። እስከ ዛሬ አልተመለሰልንም።

ቀበና፦
የትኛው ቤት ነው? ስሙን ጥራውና ሌላው ይዳን።

ሰባራ ሌንስ፦
ስም አልጠራም፣ ሌላ ጣጣ ውስጥ መግባት አልፈልግም። ሰው ግን እንዲጠነቀቅ ነው።

የሃያ ሁለቱ ልጅ፦
ጋሼን ለማለት ከሆነ ውሸት ነው። እሳቸው እንኳን ማስያዣ ሊያስቀሩ፣ ለኔ ያለ ዋስ ሰጥተውኛል።

ሰባራ ሌንስ፦
ወንድሜ፣ ጋሼን አላውቃቸውም። ማን ስማቸውን አነሳ?

የሃያ ሁለቱ ልጅ፦
ስለ ካሜራ ኪራይ ክፉ ሲወራ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሳቸውን ነው። ለዚያ ነው ቀድሜ የተናገርኩት።

ፀሐይ ግቢ፦
የኛ ደግሞ ሌላ ነው። "ካሜራውን ብቻ አንሰጥም፣ ከነባለሙያው ነው" ተባልን። እሺ ብለን ከፈልን። ባለሙያው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ታክሲ ያልቅብኛል ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። የምንቀርጸው የሌሊት ትዕይንት ነበር፤ ተዋናይዋ ሜካፗን እንደተቀባች ቀረች።

ገላጋይ፦
ለአንድ ደቂቃ ተኩል ትሬለር ዋስ፣ መታወቂያ፣ ማስያዣ፣ አጃቢ ባለሙያ። ለምን ሽማግሌ ልካችሁ ካሜራዋን በወጉ አትጠይቋትም?

ጥቁር ሣጥን፦
መሳቁን ተዉትና የሚረዳትን እንንገራት። የትም ቤት ሂጂ፣ ከሱቁ ሳትወጪ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ዕቃውን በስልክሽ በቪዲዮ ቅረጪ። የሌንሱን ፊትና ጀርባ በእጅ ባትሪ እያበራሽ አሳዪ፣ የካሜራውን ሴሪያል ቁጥር አንብቢ፣ የሱቁ ሰው ድምፅም ይግባበት። ማስያዣውን በጥሬ ገንዘብ አትስጪ፤ በቴሌብር ወይም በባንክ ላኪና "ማስያዣ" ብለሽ ምክንያቱን ጻፊበት። የሚመለስበት ሰዓት ካለፈ ስንት እንደሚያስከፍሉም ቀድመሽ ጠይቂ። የሌሊት ቀረጻ ሁልጊዜ ካሰብሽው በላይ ይረዝማል፣ ለብዙዎቹ ጠብ መነሻውም እሱ ነው። ስለ ዋጋው ግን እዚህ የሚጻፈውን አትመኚ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የካሜራ ዕቃ ዋጋ ሲቀያየር ነው የከረመው፣ ኪራዩም እሱኑ ይከተላል። ደውለሽ ጠይቂ።

የድምፅ ሰው፦
እህቴ፣ ታሪክሽ እኮ ራሱ ድምፅ ነው። የኪራዩን ብር ወደ ድምፅ አዙሪው። አስፈሪ ፊልም ላይ ሰው ጨለማ ሥዕል ይታገሣል፣ እንዲያውም ባላየው ነገር ነው የሚፈራው። የተበላሸ ድምፅ ግን ወዲያው ከታሪኩ ያስወጣዋል።
ቦያ ቢዋይ ኤም1 የሚባል ደረት ላይ የሚሰካ ማይክ አለ፤ ገመዱ 6 ሜትር ነው፣ ስልክም ካሜራም ላይ ይሠራል። ማብሪያውን ወደ ስልክ ስታደርጊው ባትሪ አይፈልግም። ብዙዎቹ አዳዲስ ስልኮች ክብ የማዳመጫ ቀዳዳ የላቸውም፣ ያንቺም ከሌለው ማገናኛ ያስፈልግሻል፤ ሳትገዢ እዚያው ሱቅ ሰክተሽ፣ ቀርጸሽ፣ መልሰሽ ስሚው።
ሙቀጫውን ከሥዕሉ ለይተሽ ቅረጪ። እውነተኛ ሙቀጫና ዘነዘና አምጪ። አንዴ ባዶ ሲሚንቶ ላይ አስቀምጠሽ፣ አንዴ ከሥሩ ብርድ ልብስ አንጥፈሽ፣ አንዴ ደግሞ የጓዳውን በር ዘግተሽ ከውጭ ሆነሽ። የኋለኛው ነው የሚያስፈራው፤ በርና ግድግዳ ቀጭኑን ድምፅ ያስቀሩትና ወፍራሙ ብቻ ያልፋል፣ ሰው ከምን እንደመጣ ለማወቅ ጆሮውን ያቀናል። ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ነፃ ነው። እዚያ ላይ ድምፁን ቅጂ፣ የቅጂውን ፒች ዝቅ አድርጊና (ድምፁ እንዲወፍር) ከዋናው ሥር አንጥፊው።
ከቀረጻው በኋላ ሁሉም ዝም ብሎ እንዲቆም አድርጊና የክፍሉን ድምፅ ብቻ ለአንድ ደቂቃ ቅረጪ። ከማስደንገጫው በፊት የምትተዪው ፀጥታ እሱ ነው። ሙዚቃ ከዩቲዩብ አውርደሽ አታስገቢ፣ ትሬለሩን ስትጭኚው የባለመብት ጥያቄ ይመጣብሻል። ፍሪሳውንድ የሚባል የድምፅ ድረ ገጽ ላይ ሲሲ ዜሮ የሚል ፈቃድ ያላቸውን፣ ማለትም ባለቤቱ መብቱን የተወላቸውን፣ ለይተሽ መፈለግ ትችያለሽ፣ እነሱን ማንም አይጠይቅሽም።

ጣና ዳር፦
በገና ለምን አይገባበትም? አሥር አውታር አለው፣ በየአውታሩ ሥር ያሉት ቁርጥራጭ ቆዳዎች ናቸው ያንን የሚነዝር ድምፅ የሚሰጡት። በጨለማ ጓዳ ላይ ሲገባ ፀጉር ያቆማል።

ሰሙነ ሕማማት፦
በገና የጸሎትና የምስጋና መሣሪያ ነው። በዐቢይ ጾም እናቶቻችን እያለቀሱ የሚያዳምጡትን ድምፅ የሰይጣን ማጀቢያ ማድረግ ልክ አይደለም። አስተማሪዎችሽም ይህን ያዩታል።

ጣና ዳር፦
ሰይጣን ማን አለ? ሟቿ አያት ናቸው። ምናልባት እኮ በገና የሚወዱ አያት ነበሩ።

ሰሙነ ሕማማት፦
ታዲያ ለሳቸው ጸሎት ይሁን እንጂ ለማስፈራሪያ አይሁን።

የድምፅ ሰው፦
ሁለታችሁም የምታነሱት ነገር ከባድ ነው፣ እሷ ግን ሌላ መንገድ አላት። ማሲንቆ ተዋሺ። አውታሩም የደጋኑም ክር የፈረስ ጭራ ነው። ደጋኑን በጣም በዝግታ ስትጎትቺው ዜማ ሳይሆን ማቃሰት ነው የሚወጣው። አንድ ጎታች ለምነሽ ግማሽ ሰዓት ብትቀርጪ ለ90 ሰከንድ ይተርፍሻል።

የጉለሌ ደራሲ፦
ታሪኩን ወደ ቡዳ ብትወስጂው የበለጠ አያስፈራም? ጅብ ግቢው ውስጥ ሲዞር።

ማታ ተማሪ፦
ቡዳን ከመጀመሪያውም ትተነዋል። ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ በዚያ ስም ስንት ዘመን ተገልሏል። የጎንደር ቤተ እስራኤሎችም እንዲሁ። ጓደኛዬ ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ናት፣ አብራኝ ነው የምትሠራው። ሙቀጫው ይበቃናል።

የሰፈር ኤዲተር፦
የሁለተኛው ጥያቄሽ መልስ ጠፍቶ ቀረ። 8 ጊጋ ራም ላይ ሪዞልቭ ይከፈታል፣ ግን ያንቃል። ብትመርጪው እንኳ በፉል ኤችዲ ቅረጪ፣ ቀረጻውን ወደ ፕሮክሲ፣ ማለትም ለላፕቶፑ ወደሚቀል ቅጂ ለውጪ፣ ፊውዥን የሚባለውን የኢፌክት ክፍል አትንኪ። ነፃው ሪዞልቭ ላይ የቀለም ሥራው ሙሉ ነው ማለት ይቻላል። የሌለው የጨለማ ቀረጻ ላይ የሚመጣውን ነጠብጣብ የሚያጠፋው ኖይዝ ሪዳክሽን ነው፤ እሱ ያለው በሚከፈልበት በስቱዲዮው ነው። ላፕቶፑ ላይ ሊኑክስ ከሆነ ያለው ደግሞ ይቅርብሽ፣ ነፃው ሊኑክስ ላይ የስልክሽን ኤች 264 ቪዲዮ አይከፍትም። ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ በሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል አውርጂው።
ካፕካት ቀላል ነው፣ ላፕቶፕሽም ይችለዋል። ግን ሥራሽን ጨርሰሽ ስታወጪ የተጠቀምሽበት ኢፌክት የፕሮ (የሚከፈልበት) ነው ብሎ ሊያግድሽ ይችላል። ኢፌክት ሳታበዢ በቁርጥ ብቻ ሥሪ። ትሬለርን ትሬለር የሚያደርገውም ቁርጡ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ረጃጅም ሾት፣ እየቆየ እያጠረ፣ ከዚያ ጨለማ፣ ከዚያ ርዕሱ። ርዕሱን በአማርኛ ስትጽፊ ሳጥን ሳጥን ካሳየሽ ፎንቱ ግዕዝ የለውም ማለት ነው። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጫኚ፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው።

ቀበና፦
ኤዲተሩ፣ እግረ መንገዴን፣ ለኤዲቲንግ የሚሆን ላፕቶፕ አሁን ብገዛ ምን ዓይነት ትመክረኛለህ? ያገለገለም ይሁን።

የሰፈር ኤዲተር፦
16 ጊጋ ራምና የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያለው። ስትገዛ ቻርጀሩን ነቅለው ሳይሆን ሰክተው ብቻ የሚያሳዩህን አትመን። ሌላውን በውስጥ ጻፍልኝ፣ የሷን ጥያቄ አናጥፋባት።

ፋኖስ፦
ስለ ብርሃን ማንም አላነሳላትም። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ቅረጪና ሹተሩን (የመዝጊያውን ፍጥነት) 1/50 ሰከንድ ላይ አድርጊው፣ አለዚያ አምፖሉ ቪዲዮው ላይ ይርገበገባል። ስልክሽ ይህን በእጅ ለመቀየር ካልፈቀደ ኦፕን ካሜራ የሚባለውን መተግበሪያ ሞክሪ፣ ብርሃኑንም ቆልፊው፤ አለበለዚያ ልጅቷ ወደ ጨለማው በገባች ቁጥር ስልኩ ራሱ እያበራ ፍርሃቱን ያበላሽብሻል።
ከደጅ የሚታየውን ሌሊት በእውነተኛ ሌሊት አትቅረጪ። ፀሐይ እንደጠለቀች፣ ወደ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሳለ ቅረጪና ኤዲቲንግ ላይ አጨልሚው። እዚህ አገር ድንግዝግዙ ቶሎ ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ ተዋናዮቹ ከ12 ሰዓት በፊት ተለማምደው ይቁሙ። ለጓዳው ደግሞ አንድ መብራት ከበሩ ጀርባ፣ ፊት ለፊት ምንም። የጭስ ማሽን አትከራዪ፤ ዕጣን አጭሺና በሩን ዝጊ፣ ጭሱ ሲሞላ የኋላው መብራት ጨረር ይሠራል። መስኮት የሚከፍት ሰው ግን አጠገብ ይኑር።

ፀሐይ ግቢ፦
እና ጎረቤት አስጠንቅቂ። ሌሊት ጩኸት ሲሰማ ሰው ዱላ ይዞ ነው የሚመጣው። ከትምህርት ቤት የትብብር ደብዳቤ አጽፊና ለወረዳው አሳውቂ፣ ደጅ ላይ ስትቀርጹም ይጠቅማችኋል።

ማታ ተማሪ፦
ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። የበሩን ነገር ዛሬ ማታ በስልክ ሞከርነው፣ እውነትም ከውጭ ሲሰማ ሌላ ነው፤ ቡድኑ ሁሉ ዝም አለ። ማሲንቆ የሚጎትት ዘመድ ያለው ልጅም አግኝተናል። ሰባራ ሌንስ፣ በደረሰባችሁ ነገር በጣም አዝኛለሁ።

ሰባራ ሌንስ፦
አመሰግናለሁ እህቴ። እናንተ ግን ዕቃውን ሳትቀርጹ ከሱቅ እንዳትወጡ።

ቀበና፦
ታዲያ ምን ወሰናችሁ? ኪራይ ነው በስልክ? ካፕካት ነው ሪዞልቭ?

የሃያ ሁለቱ ልጅ፦
ኪራይ ከሆነ ጋሼ እሑድ ዝግ ናቸው። ቅዳሜ ከ11 ሰዓት በፊት ድረሺ፣ እኔ ነኝ የላክኩሽ በያቸው።