ሲበሉ ትንፋሽ ለሚያጥራቸው የሳንባ ሕሙማን የአመጋገብ ትምህርት እንዴት ይሰጥ?

ጥያቄ፦ ከነርስ
ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ያለባቸውን ተመላላሽ ታካሚዎች የምከታተል ነርስ ነኝ። በየወሩ ከምርመራ በፊት የምግብ ዓይነቶችን የያዘ ሥዕላዊ ገበታ ሰቅዬ አስተምራለሁ፤ ሁሉም ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡኛል፤ ሚዛን ላይ ሲወጡ ግን ቀጫጮቹ አሁንም እየቀነሱ ነው። በቅርቡ አንድ አባት፣ «ልጄ፣ የምትዪውን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ግን አራተኛውን ጉርሻ ሳልውጥ ትንፋሽ ያጥረኛል» አሉኝ፤ መልስ አጣሁላቸው። ካርቦሃይድሬት ቀንሰው ስብ እንዲያበዙ መምከርስ ይገባኛል?

መልስ 1፦ ከሥርዓተ ምግብ ባለሙያ
እኒህ አባት ትምህርቱ ከየት መጀመር እንዳለበት ነግረውዎታል። በዚህ በሽታ አየር ሳንባ ውስጥ ታፍኖ ስለሚቀር፣ ዲያፍራም የተባለው የመተንፈሻ ጡንቻ ተጭኖ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ጨጓራ ሲሞላ ደግሞ ከሥር ይገፋዋል፤ በዚያ ላይ ሰው በዋጠ ቁጥር ለቅጽበት መተንፈሱን ያቆማል። መተንፈሱ ራሱ ከጤነኛ ሰው የበለጠ ጉልበት ስለሚፈጅባቸው፣ አብዝቶ መብላት የሚገባው ሰው ጥቂት ቀምሶ ይነሣል።

እኔ ገበታ ከማሳየቴ በፊት፣ ምግቡን የሚተዉት ጠግበው ነው ወይስ ደክመው ብዬ እጠይቃለሁ። ደክመው ከሆነ፣ ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ማረፍ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ክርንን ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ፣ ቀኑን በ5 ወይም በ6 ትንንሽ ምግብ መከፋፈል፣ ለስላሳ ምግብ መምረጥና ውኃውን ከምግብ በኋላ መጠጣት ከየትኛውም ዝርዝር ይበልጥ ይጠቅማቸዋል። ሾርባው ላይ ዘይትና እንቁላል ቢጨመር ሳህኑ ሳይሞላ ጉልበቱ ይጨምራል። የኩላሊት ችግር ለሌለበትና ክብደቱ ለቀነሰ ታካሚ በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን በቀን ይመከራል፤ 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 75 ግራም መሆኑ ነው፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ይሰጣል።

ስብን ስለማብዛቱ፦ ሰውነት ካርቦሃይድሬትን ሲያቃጥል ከስብ የበለጠ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያወጣ እውነት ነው፤ ምክሩም የመጣው ከዚያ ነው። ነገር ግን ቤቱ ሆኖ ለሚታከም፣ በሽታው ለተረጋጋለት ሰው የሚያሳስበው ከሚያስፈልገው በላይ መመገቡ እንጂ የምግቡ ዓይነት አይደለም። እየከሳ ያለን ሰው መብላት ከቻለው መከልከል ስሕተት ነው ባይ ነኝ።

መልስ 2፦ ከአስታማሚ
ባለሙያ አይደለሁም፤ እናቴን ግን ለዓመታት አስታምሜአለሁ። ምግብ ሲቀርብ የኦክስጅኑን ቱቦ ከአፍንጫዋ አውልቃ ጎኗ ታስቀምጥ ነበር፤ ከማዕድ ጋር የማይሄድ ነገር መስሏት ነው። እንዳታወልቅ የነገራት ሰው አልነበረም። ሌላው፣ ምግቡ ሁሉ መረረኝ ስትል አፏን ከፍተን ብናይ ምላሷ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሯል፤ ስቴሮይድ ያለበትን የሚሳብ መድኃኒት ከወሰደች በኋላ አፏን ስለማትጉመጠመጥ ኖሯል። ከታከመችና መጉመጥመጥ ከለመደች በኋላ የምግብ ፍላጎቷ ተመለሰ።

መልስ 3፦ ከሐኪም
በሚዛኑ ብቻ አይመኑ። የልባቸው ቀኝ ክፍል በተዳከመ ሕሙማን ላይ እግር ስለሚያብጥ፣ ጡንቻቸው እየሟሸሸ ክብደታቸው ባለበት የቆመ ሊመስል ይችላል፤ ለእነዚህ ጨው መቀነስ ያስፈልጋል። በ6 ወር ውስጥ ሳይፈልጉ ከ5 በመቶ በላይ የቀነሱትን ግን አመጋገብ ብቻ ነው ብለው አይለፏቸው፤ ሳንባ ነቀርሳና ካንሰር እንዳይኖር ይመርመሩ። ደግሞም ያለ እንቅስቃሴ ምግብ ብቻውን ጡንቻ አይገነባምና የእግር ጉዞውን ከትምህርቱ አይለዩት።

ከጠያቂዋ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እኒያን አባት ዛሬ አግኝቼ ጠየቅኋቸው። ቶሎ ትንፋሽ የሚከፍተውን መድኃኒት የሚስቡት በልተው ሲደክማቸው፣ ከምግብ በኋላ ነው። ሐኪማቸውን አማክረን ከምግብ ሩብ ሰዓት ያህል ቀደም ብለው እንዲወስዱት አድርገናል፤ በሚቀጥለው ወር ከሚዛኑ በፊት ስንተኛው ጉርሻ ላይ እንደሚያቆሙ እጠይቃቸዋለሁ።