መንጃ ፈቃዴን ኤምቪኤ (የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት) ሊያግደው ነው፣ ፍርድ ቤቱም ገና ነው፤ ይሄ ሁለት ቅጣት አይደለም ወይ?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የዛሬ ስድስት ቀን ከሰርግ ስመለስ ቀይ መብራት ጥሼ ፖሊስ አስቆመኝ። ጣቢያ ወስዶ የአልኮል መለኪያ ሲያስነፋኝ 0.11 አለ። መንጃ ፈቃዴን ቀምቶ ለ45 ቀን የምታስነዳ ወረቀት ሰጠኝ፤ ከሦስት ትኬት ጋር። ኤምቪኤ ለ180 ቀን ሊያግደኝ ነው። ፍርድ ቤት ደግሞ ሌላ። የምተዳደረው በራይድ ነው። የኛ ሕገ መንግሥት እንኳ አንቀጽ 23 ላይ በአንድ ወንጀል ድጋሚ መቅጣትን ይከለክላል። እዚህ ከአንድ በግ ሁለት ቆዳ ይገፈፋል እንዴ?

የድሮ ታክሲ ነጂ፦ አይዞህ ወንድሜ። እኔም ይቺኑ ጥያቄ ይዤ ጠበቃ ጋ ሄጄ ነበር። ሰውየው ፈገግ አለና «ወረቀቱን የተቀበልከው መቼ ነው?» አለኝ። አሥራ አራተኛ ቀኔ ነበር። ፈገግታው ጠፋ።

ሕግ ያጠናች፦ ክርክሩ በ1990ዎቹ በየስቴቱ ተሞክሯል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1989 በሃልፐር ጉዳይ፣ ከልክ ያለፈ የፍትሐ ብሔር ቅጣትም እንደ ቅጣት ሊቆጠር ይችላል ብሎ ነበር። ጠበቆች እሷን ይዘው ሮጡ። የሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በ1995 አልተቀበላቸውም፤ እገዳው መንገደኛን ለመጠበቅ ነው፣ ቅጣት አይደለም አለ። በ1997 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሃድሰን ጉዳይ የሃልፐርን መንገድ ራሱ ተወው።

ትኬቶቹ ላይ ግን ነጥብ አለህ። ሁለቱ «ሰክሮ መንዳት» እና ቀለል ያለው ወንድሙ ከሆኑ፣ ለአንድ መንዳት የሚፈረድብህ በአንዱ ነው። ቀይ መብራቱ ራሱን የቻለ ጥፋት ስለሆነ ለብቻው ይቀጣል።

ከኮሎምበስ፦ ኦሃዮ ውስጥ በ1996 ግማሽ ድል ተገኝቶ ነበር፤ ፍርድ ቤት ከቀጣህ በኋላ የሚቀጥል የአስተዳደር እገዳ (እንደ ኤምቪኤው ያለ) ቅጣት ይሆናል ተባለ። ሜሪላንድ ላይ አይሠራልህም፣ ለጨዋታ ያህል ነው።

የድሮ ታክሲ ነጂ፦ ሕጉን ተዉትና ቀኑን ቁጠር። ከወረቀቱ ጋር የኤምቪኤን እገዳ የምትቃወምበት የችሎት መጠየቂያ ፎርም አለ። በ10 ቀን ውስጥ 150 ዶላር ጨምረህ ከላክህ፣ ችሎቱ እስኪደርስ ትነዳለህ። ከ10 አልፎ እስከ 30 ቀን መጠየቅ ይቻላል፣ ግን 45ቱ ቀን ሲያልቅ እገዳው ይጀምራል። እኔን የበላኝ እሱ ነው።

ሌላው ምርጫ ኢንተርሎክ የሚባለው የትንፋሽ መለኪያ ነው። 0.11 ስለሆንክ እገዳውን ትተህ መኪናህ ላይ ለ180 ቀን ታስገጥማለህ። ሳትነፋ ሞተሩ አይነሳም። እየነዳህም ድንገት ይጮህና ድጋሚ ንፋ ይልሃል። ተሳፋሪ ከኋላ ተቀምጦ ስትነፋ አስበው! ወጪውም ያንተ ነው።

ሕግ ያጠናች፦ ዜግነት ከሌለህ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ነኝ ከማለትህ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃም አማክር። የትራፊክ ጠበቃ ብቻውን አይበቃም።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ፎርሙን ዳሽቦርድ ውስጥ አገኘሁት፣ ከሰርጉ መጥሪያ ጋር ተጣብቋል። አራት ቀን አለኝ። ነገ ጠዋት ፖስታ ቤት ሲከፈት በአደራ ደብዳቤ እልከዋለሁ።