ሪፖርቱን እኔ እጽፋለሁ፣ «አክሰንት ያላት» ታቀርበዋለች

የደሴዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምሬት ስለሆነ ታገሱኝ።

የምሠራው አዲስ አበባ አንድ የእርዳታ ፕሮጀክት ላይ ነው። የሩብ ዓመቱን ሪፖርት የማዘጋጀው እኔ ነኝ። መስክ የምወጣው እኔ፣ ቁጥሩን የምለቅመው እኔ፣ ሌሊት ቁጭ ብዬ እንግሊዝኛውን የማቃናው እኔ። ከለጋሾቹ ጋር በዙም ስንገናኝ ግን ሥራ አስኪያጃችን «እስቲ እሷ ታቅርበው» ይላል። እሷ ማለት ግቢው ውስጥ አማርኛ የተናገረ ልጅ በሚቀጣበት የግል ትምህርት ቤት ያደገች ባልደረባዬ ናት። «አክሰንት አላት» ይሏታል፣ እንደ ፈረንጅ ትናገራለች ለማለት። እኔ ከመንግሥት ትምህርት ቤት የመጣሁት እንግዲህ የለኝም ማለት ነው።

ባለፈው ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ መጣ። እሷ መልሱን አላወቀችውም፤ መስክ ሳትወጣ ከየት ታምጣው። እኔ ማይኬን ከፍቼ መለስኩ። መሃል ላይ «ዴቨሎፕመንት» ስል «ዴ»ውን ነው ጫን ብዬ የረገጥኩት መሰለኝ። ገና ንግግሬን ሳልጨርስ ሁሉም በሚያየው ቻት ላይ እንዴት እንደሚባል ጽፋ ከጎኑ የሳቅ ምልክት አስቀመጠችበት። ሁለት ሰዎችም ሳቁ። ስለ መልሱ አንድም ሰው ምንም አላለም። የሚያበግነው ደግሞ የጠየቀው ሰውዬ ሆላንዳዊ ነው፤ እሱ ራሱ የእንግሊዝኛውን «this» «ዲስ» እያለ ነው የሚያወራው፣ ማንም ሙድ አይዝበትም።

ለአክሰንት ማስተካከያ ኮርስ ገንዘብ ላውጣ? ወይስ አለቃዬን ፊት ለፊት ላናግረው? ያለፈበት ሰው ካለ ይንገረኝ።

ቀጥታ፦

አትቀየሚኝና እህቴ፣ እኔ የምለው ሌላ ነው። ቅጥር ላይ ተቀምጬ ብዙ ሰው ፈትኛለሁ። ሥራውን አብጠርጥሮ የሚያውቅ፣ ግን ግማሹን ቃል እየዋጠ ግማሹን እያጣደፈ ምን እንዳለ የማይሰማ ሰው አለ። ሰሚው ደክሞት ጥሎት ከሄደ ጥፋቱ የሰሚው ብቻ ነው ልል አልችልም። አለቃሽም የሚያስበው ገንዘቡ እንዳይቆም ነው፣ ሌላ ክፋት ላይኖረው ይችላል።

ስልክሽ ላይ ራስሽን ቅጂና ስሚው። በቃ። ለኮርስ የምታወጪውን ብር ለሌላ አውዪው። የልጅቷ ቻት ግን ነውር ነው፣ እሱ ላይ አብሬሽ ነኝ።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ እንግሊዝኛ ሳስተምር ነው ያረጀሁት። ነገሩን ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰድሽ።

በእኛ ጊዜ አንድ ቢሮ ውስጥ አራት ዓይነት እንግሊዝኛ ነበር። ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት የተማረው በብሪቲሽ ካውንስል መምህራን እጅ ስላደገ እንደ እንግሊዞቹ «ሼጁል» ይላል። በ1962 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሰላም ጓዶች (ፒስ ኮር) የሚባሉት በጎ ፈቃደኛ መምህራን መጡና በየክፍለ ሀገሩ ተበተኑ፤ የእነሱ ተማሪ ደግሞ «ስኬጁል» ብሎ መጣ። ሌላው የህንድ መምህር ተማሪ ነው። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን፣ የዛሬውን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ያቋቋሙት ደግሞ የካናዳ ኢየሱሳውያን (ጀስዊት) የካቶሊክ ካህናት ናቸው። ሁሉም የሌላውን ይስቅበት ነበር። ያኔ አራዳ የሚያሰኘው የእንግሊዙ ነበር፣ ዛሬ የአሜሪካው ነው። ነገ የማን እንደሚሆን እንጃ።

ሙያዬ ነውና ዋናውን ነገር ልንገርሽ። ሰው «ፕ» እና «ዝ» ላይ ነው የሚያፈጠው። «ዚስ» ስላልሽ ያልገባው ፈረንጅ አላየሁም። ችግሩ ያለው አረጋገጥ ላይ ነው፤ የቃሉን የቱን ክፍል ጫን ብሎ መናገር የሚለው ላይ። አማርኛችን የቃሉን ክፍሎች በሙሉ ከሞላ ጎደል እኩል ይናገራቸዋል። እንግሊዝኛ ግን አንዱን ይረግጥና የቀሩትን ይውጣቸዋል። እኛ ፊደሉን አይተን «ኮምፎርታብል» ብለን ሁሉንም እናሟላለን፣ እነሱ «ከምፍተብል» ብለው ግማሹን ይበሉታል። «ዌድነስዴይ» የምንለውም ለዚሁ ነው፤ የተጻፈውን ማክበራችን ነው። ስለዚህ ሪፖርትሽ ላይ የሚደጋገሙትን ቃላት ብቻ አውጪ፣ ከሃያ አይበልጡም። የሚረገጠውን ቦታ በእርሳስ አስምሪበትና ጮክ ብለሽ አንብቢ። ሌላውን ተዪው።

በነገራችን ላይ፣ «ጋራዥ» ስትይ የሚስቅብሽ ካለ ቃሉን ከፈረንሳይኛ እንደወሰድነው ንገሪው። ቢሮም፣ ሹፌርም እንደዚያው። ሰው ሁሉን ነገር የተሰበረ እንግሊዝኛ ያደርገዋል።

ማማው ላይ፦

መምህር፣ እጅ ነሥቻለሁ። እኔ አየር ትራፊክ ቁጥጥር ላይ ስለሠራሁ በኛ ቤት ያለውን ልጨምር።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካዎ፣ የአብራሪንና የተቆጣጣሪን እንግሊዝኛ በ6 ደረጃ ነው የሚለካው። ዓለም አቀፍ በረራ ላይ ለመሥራት ቢያንስ 4ኛ ደረጃ ያስፈልጋል። አሁን ስሚኝ፦ የመጨረሻው 6ኛው ደረጃ እንኳ አነጋገሩ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ተጽዕኖ ሊኖርበት እንደሚችል በግልጽ ይፈቅዳል። የሚጠይቀው ሰሚውን ከሞላ ጎደል እንዳያስቸግረው ብቻ ነው። የሰው ነፍስ የተንጠለጠለበት ሥራ ላይ አሜሪካዊ ምሰል የሚል የለም።

ይባስ ብሎ ደግሞ ሬዲዮ ላይ ቁጥር በጩኸት መሃል እንዳይምታታ አጠራሩ ተወስኗል። 3 «ትሪ» ነው። 5 «ፋይፍ»፣ 9 «ናይነር»፣ ሺህ ደግሞ «ታውሳንድ»። አዎ፣ ትሪ! የነጋዴው፣ የታክሲው፣ የኔ ቢጤው ትሪ። ለንደን የተወለደው ካፒቴንም ደንቡን ካከበረ እንደዚያው ነው የሚለው። የቢሮሽ ልጅ ማማ ላይ ብትወጣ መጀመሪያ የምትታረመው እሷ ናት።

ሲስተር ከሜሪላንድ፦

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነኝ። ወንድሜ ቀጥታ ያለው ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ግን አይዋጥልኝም።

እውነት የሆነውን ላስቀድም። «ፊፍቲን»ና «ፊፍቲ» በስልክ ሲሰሙ አንድ ናቸው። መድኃኒት ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ሐኪሙ በስልክ ትእዛዝ ሲሰጠኝ እጽፈዋለሁ፣ መልሼ አነብለታለሁ፤ 15 ከሆነ «ፊፍቲን፣ ዋን ፋይቭ» ብዬ ነጣጥዬ እጠራዋለሁ። ይህን የምናደርገው አበሾቹ ብቻ አይደለንም። እዚሁ ተወልዳ ያደገችውም ነርስ ታደርገዋለች። መጣራት ያለበት ነገር በአሠራር ይጣራል፣ በአክሰንት አይደለም።

የማይዋጥልኝ ደግሞ ይኸው። ሐኪሞቹ በስልክ አንድም ቀን አላስደገሙኝም። በር ከፍቼ ስገባ ግን አፌን ሳልከፍት «እንግሊዝኛ የሚችል ሰው የለም?» ያለኝ በሽተኛ አለ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ያነበብኩት አንድ ጥናት ነበር። ሩቢን የሚባል ተመራማሪ በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ለተማሪዎች አንድ በቴፕ የተቀዳ ንግግር ያሰማቸዋል፤ ድምጿ እዚያው የተወለደች አሜሪካዊት ናት። ለአንዱ ቡድን የነጭ ፎቶ፣ ለሌላው የእስያዊት ፎቶ ያሳያል። የእስያዊቷን ፎቶ ያዩት በሌለ ነገር አክሰንት ሰማን አሉ፣ የተረዱትም ያነሰ ሆነ። ጆሮ ብቻውን አይሰማም ለካ።

ፍርድ ቤትም ብዙ አያስጥልም። ፍራጋንቴ የሚባል ከፊሊፒንስ የመጣ ሰው አሜሪካ፣ ሆኖሉሉ ውስጥ ለመንጃ ፈቃድ ቢሮ ጸሐፊነት ተፈተነ። 721 ሰው ከተፈተነበት አንደኛ ወጣ። በቃለ መጠይቁ አክሰንቱን ምክንያት አድርገው አስቀሩት። ከሰሰ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ላይም ተረታ። ሥራው ከሕዝብ ጋር መነጋገር ስለሆነ ተብሎ ነው። ሕጉ አክሰንትን ምክንያት ማድረግ የሚቻለው ሥራውን የምር የሚያውክ ሲሆን ብቻ ነው ይላል። ያውካል፣ አያውክም የሚለውን የሚወስነው ግን ያው ጆሮ ነው። ስለዚህ አለቃሽን «የቱ ጋ ነው ያልገባቸው?» ብለሽ ጠይቂው። የቱንም ሊያሳይሽ አይችልም ብዬ እገምታለሁ።

ከነቀምት፦

እኔ እንኳ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አላስቻለኝም። አፌን የፈታሁት በአፋን ኦሮሞ ነው። አዲስ አበባ ሥራ ስጀምር በእንግሊዝኛዬ የሳቀብኝ የለም። አማርኛዬን ግን ምሳ ሰዓት ላይ ኮሜዲ አድርገውት ነበር። «አንቺ» እና «አንተ» ሲምታታብኝ ጠረጴዛው በሳቅ ይናጋል። አንድ ቀን ሂሳቡን የማውቀው እኔ ሆኜ «አማርኛው ይስተካከል» ተብሎ ሌላ ሰው ደብዳቤ ፈረመ። የደሴዋ፣ የተሰማሽ ስሜት ገብቶኛል፣ ከልብ። እዚህ ክር ላይ የተሰበሰባችሁት ግን ስንቶቻችሁ የሰው አማርኛ እያስመሰላችሁ ትስቃላችሁ?

ቀጥታ፦

ይህን የምመልስበት አፍ የለኝም።

የደሴዋ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ከነቀምት፣ እኛ ቢሮም አለ፣ ያልከው ሁሉ። ጥበቃችን ላይ ነው የሚበረታው።

ጋሼ መምህር፣ እንዳሉኝ ቃላቱን አወጣሁ፤ ከሃያ ያንሳሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ የፕሮጀክቱ ስም ውስጥ ያሉ ናቸው። ኮርሱን ተውኩት። ለአለቃዬ ዛሬ ኢሜይል ጻፍኩለት፦ መግቢያውን እሷ ታቅርብ፣ የመስክ ግኝቱንና ጥያቄውን እኔ ልያዝ ብዬ። ሲስተር ያለችኝንም ጨመርኩበት፣ እስካሁን ለጋሾቹ ያልገባቸው ቦታ ካለ ይነገረኝ አልኩ። እስካሁን አልመለሰም።

ማማው ላይ፣ ያ «ትሪ» የት ነው የተጻፈው? ለአንዲት ልጅ ላሳያት ነው።

ማማው ላይ፦

ሃሃ። የኢካዎ አኔክስ 10፣ ቅጽ 2 ውስጥ ነው፣ የቁጥር አጠራር የሚለው ሰንጠረዥ ላይ። ግን እባክሽ አለቃሽ እስኪመልስልሽ ቻት ላይ አትለጥፊው።