ዲኮሬተሬ የጄኔሬተርን ጊዜ በትክክል አይለካም

ሰላም ለሁላችሁ። ፓይተን 3.11 ላይ ነኝ። ፈንክሽኖቼ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጁ የሚለካ ዲኮሬተር (ሌላ ፈንክሽንን ሸፍኖ ተጨማሪ ሥራ የሚያክልበት ፈንክሽን) አለኝ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ከጥሪው በፊትና በኋላ ፐርፍ ካውንተርን (የፓይተንን የጊዜ መለኪያ) አንብቦ ልዩነቱን ይጽፋል። ተራ ፈንክሽኖች ላይ ምንም ችግር የለበትም።

የተቸገርኩት ትልቅ የሎግ ፋይል መስመር በመስመር እያነበበ በይልድ አንድ በአንድ የሚመልስ ፈንክሽን ላይ ሳደርገው ነው። ንባቡ በርካታ ደቂቃ ይወስዳል፣ ዲኮሬተሩ ግን ዜሮ ነጥብ ምናምን ይለኛል። ምክንያቱ ገብቶኛል፤ ፈንክሽኑ ሲጠራ ጄኔሬተሩን (መስመሮቹን ሲጠየቅ ብቻ አንድ በአንድ የሚያወጣውን ነገር) ብቻ ሰጥቶ ይመለሳል፣ ሥራው የሚጀመረው ሉፑ መዞር ሲጀምር ነው። ውጤቱን ወደ ሊስት ቀየርኩት፤ ሰዓቱ ተስተካከለ፣ ሜሞሪው ግን አለቀ። ከዚያ ራፐሩ (ዲኮሬተሩ ዋናውን ፈንክሽን የሚሸፍንበት ፈንክሽን) ውስጥ ይልድ ፍሮም (የጄኔሬተሩን መስመሮች አንድ በአንድ አሳልፎ የሚሰጥ ትእዛዝ) አስገባሁ። አሁን ደግሞ መስመሩን የሚቀበለው ሉፕ ዳታቤዝ ላይ ሲጽፍ የሚያጠፋው ጊዜ ሁሉ አብሮ ይቆጠራል። እኔ የምፈልገው የንባቡን ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ቀድሜ ማፍጠን ያለብኝ ንባቡን ይሁን ጽሕፈቱን የምወስነው በዚህ ቁጥር ነው።

ሁሉንም መስመር ሜሞሪ ላይ ሳልከምር፣ ጄኔሬተሩ ራሱ የሠራበትን ጊዜ ብቻ የሚደምር ዲኮሬተር እንዴት ልጻፍ?